ከማን ጋር ልጥለቅ?

ሄኖክ፦ እንደምን ዋላችሁ! ጎንደር ነን፣ ዝናብ ይዞናል፣ ከኋላችን ጣሪያው ላይ የሚሰማችሁ እሱ ነው። ዛሬ የምናወራው ስለ ባሕር ነው። መቅደስ ባለፈው ታኅሣሥ ጅቡቲ ሄዳ ስኩባ ዳይቪንግ፣ ማለትም አየር ተሸክሞ ባሕር ውስጥ መጥለቅ፣ ተምራ መጥታለች። ከዚያ ወዲህ ያገኛት ሁሉ አንድ ጥያቄ ነው የሚጠይቃት፣ እኔም መልሱን በደንብ አልሰማሁትም። ከማን ጋር ነው የሚወረደው?

መቅደስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። ብዙ ሰው መጀመሪያ ስለ ዕቃው ነው የሚያስበው፣ ዕቃው ግን እዚያው ይከራያል። አብሮህ የሚወርደውን ሰው ካልመረጥክ ሌላ ሰው ይመርጥልሃል። እኔ ላይ የደረሰው ይኸው ነው።

ሄኖክ፦ ቆይ፣ ዋና የሚችል ሰው ብቻውን ቢወርድስ?

መቅደስ፦ ዋና መቻል ሌላ ነገር ነው። እታች የምትተነፍሰው ጀርባህ ላይ ካለው ሲሊንደር ነው። እሱ እምቢ ቢልህ፣ ቅርብህ ያለው አየር የጓደኛህ ነው። እያንዳንዱ ጠላቂ አፉ ላይ ካለው መተንፈሻ ሌላ አንድ ትርፍ አንጠልጥሎ ይወርዳል፣ ብዙ ጊዜ ቢጫ ነው፣ ኦክቶፐስ ይሉታል። እሱ የተያዘው አየር ላለቀበት ጓደኛ ነው። እንግዲህ ጓደኛህ 15 ሜትር ርቆ ከሄደ፣ ያ ትርፍ መተንፈሻ ምን ያደርግልሃል?

ሄኖክ፦ አንቺ ላይ የደረሰው ምንድን ነው?

መቅደስ፦ ሙሻ ደሴት አካባቢ ነው። ኮርሱን ጨርሼ በመጀመሪያው ጉዞ ጀልባው ላይ ጥንድ ጥንድ አደረጉን። የደረሰኝ ሰውዬ ብዙ ልምድ ያለው ነው፣ ትልቅ ካሜራ ይዟል፣ እኔም ጎበዝ ስለሆነ ይጠብቀኛል ብዬ ደስ አለኝ። ውሃ ውስጥ ስንገባ ግን እሱ ዓሣ ዓሣውን እየተከተለ ይሄዳል፣ እኔ እሱን እንዳላጣ እግሬን እየመታሁ እከተላለሁ፣ በዚያ ላይ ትንፋሼ እየበዛ ሄደ። ሲሊንደሩ ውስጥ የቀረውን አየር የሚያሳየውን ጌጅ ሳየው 70 ባር ይላል፣ ባር የግፊት መለኪያ ነው። የገባነው በ200 ነው። 100 ስንደርስ እንመለሳለን ተብሎ ነበር።

ሄኖክ፦ ታዲያ ለምን አልነገርሽውም?

መቅደስ፦ ልነግረው አልኩና ተውኩት። ገና 20 ደቂቃችን ነው፣ ሰውዬው ገንዘቡን ከፍሎ መጥቶ በእኔ ምክንያት ይመለስ? ይሉኝታ ያዘኝ። ሰው ቤት ሄደን እየራበን «በልቼ ነው የመጣሁት» እንደምንለው፣ ልክ እንደዚያ፣ 18 ሜትር ውሃ ስር።

ሄኖክ፦ ወይኔ!

መቅደስ፦ የቡድኑ መሪ ዞር ሲል አየኝና ጌጄን ጠየቀኝ፣ እሱ ነው ቀስ አድርጎ ይዞኝ የወጣው። 5 ሜትር ላይ ሦስት ደቂቃ ቆመን ወጣን። ካሜራ የያዘው ሰውዬ ከጎኑ እንደሌለሁ ያወቀው በኋላ ነው።

ሄኖክ፦ አየሩ እንዴት እንደዚያ ቶሎ አለቀ?

መቅደስ፦ በየ10 ሜትሩ ግፊቱ ላይ ላዩ ባለው የአየር ግፊት ልክ ይጨምራል። 20 ሜትር ላይ አንዱ ትንፋሽህ ላይ ላዩ ከምትተነፍሰው ሦስት እጥፍ አየር ይወስዳል። በዚያ ላይ ከሮጥክና ከፈራህ አስበው። ስለዚህ ሰው ስትመርጥ መጀመሪያ የምታየው ፍጥነቱን ነው። ዝም ብሎ የሚንሳፈፍ ሰው አለ፣ ሁሉን ነገር ካላየሁ የሚል አለ። ሁለቱም ጥሩ ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ፣ አብረው ግን አይወርዱም።

ሄኖክ፦ እኔ ግን አብሮ አደጌ ካልሆነ ሕይወቴን ለማንም አልሰጥም።

መቅደስ፦ እዚህ ላይ አልስማማም። አብሮ አደግህ «አይዞህ፣ ትንሽ እንውረድ» ቢልህ እምቢ ትለዋለህ? ባልና ሚስትም እንደዚያው ነው፣ ፊቱ እንዳይጠቁርባት ብላ የማትፈልገው ጥልቀት ድረስ የምትከተል አለች። እኔ የምፈልገው «ይበቃኛል» ስለው ቅር የማይለውን ሰው ነው። ጠላቂዎች ዘንድ ደግሞ ደንብ አለ፣ ማንም በማንኛውም ሰዓት ልውጣ ማለት ይችላል፣ ለምን ተብሎ አይጠየቅም። አውራ ጣትህን ወደ ላይ ታሳያለህ፣ አለቀ።

ሄኖክ፦ እኛ ዘንድ እኮ እሱ «ጎበዝ» ማለት ነው።

መቅደስ፦ ለዚህ ነው ምልክቱን ጀልባው ላይ ተነጋግራችሁ የምትገቡት! ደህና ነኝ ለማለት አውራ ጣትና ጠቋሚህን ገጥመህ ክብ ትሠራለህ። በነጋታው የደረሰችኝ አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት ነበሩ። ገና ሳንለብስ አጠገቤ ቁጭ ብለው «አየር ቶሎ ትጨርሻለሽ? ስትፈሪ ምን ታደርጊያለሽ? ከተጠፋፋን ምን እናድርግ?» አሉኝ። እውነቱን ነገርኳቸው። «እንግዲያው 100 ስትደርሺ አሳዪኝ፣ እንመለሳለን» አሉ። ከተጠፋፋን አንድ ደቂቃ ዙሪያችንን እንፈልጋለን፣ ካልተገናኘን ቀስ ብለን ወደ ላይ። ከዚያ ጃኬቴን፣ ክብደቱን፣ ማሰሪያውን፣ አየሩን አንድ በአንድ በእጃቸው ነክተው አዩ፣ የሳቸውን ደግሞ እኔ እንዳይ አደረጉኝ። ያን ቀን 45 ደቂቃ ቆየሁ። ሲሊንደሩ ያው የትናንቱ ዓይነት ነው።

ሄኖክ፦ በጣም ደስ ይላል። የምስክር ወረቀቱስ ነገር? እሳቸው ካንቺ ይበልጣሉ አይደል?

መቅደስ፦ አዎ። የኔ የመጀመሪያው ደረጃ ነው፣ እስከ 18 ሜትር። ቀጣዩ እስከ 30 ነው። ሁለት ሰው ሲጣመር ልኩ ያነሰው ሰው ነው። እሳቸው ከ18 አላለፉም።

ሄኖክ፦ እሺ፣ ጎንደር ተቀምጦ እንደዚህ ያለ ሰው ከየት ይገኛል? ጣና ሄደን ጎርጎራ ላይ ብንለማመድስ?

መቅደስ፦ ጎርጎራን እወደዋለሁ፣ ለዚህ ግን አይሆንም። ውሃው ደፍራሽ ነው፣ ጉማሬ አለ፣ ቢልሃርዚያ አለ። ደግሞ ሐይቁ ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ የጥልቀትና የጊዜ ስሌቱ ይለወጣል፣ ለጀማሪ የሚሆን አይደለም። የሆቴል ገንዳ ይሻላል። ሰውን ለማወቅ ደግሞ ስሜን ተራሮች አሉልን። ከሳንቃበር ወደ ግጭ አብረኸው ሂድ። ዳገቱ ላይ ዞር ብሎ ያይሃል? ራስህን አሞህ «እንመለስ» ስትለው ምን ይላል? ከዚያ የተረፈውን ገንዳ ውስጥ ታየዋለህ።

ሄኖክ፦ አንድ ነገር ልጨምር፣ መመለሻውን አትርሱ። ከጅቡቲ ስትመለሱ የምትወጡት ከ2,000 ሜትር በላይ ነው።

መቅደስ፦ ልክ ነህ! እታች ከተነፈስነው አየር ሰውነት ውስጥ የቀረ ናይትሮጅን አለ፣ ከፍታ ላይ አረፋ ይሠራል። በተከታታይ ቀናት ከጠለቃችሁ አውሮፕላን ከመሳፈራችሁ በፊት ቢያንስ 18 ሰዓት ጠብቁ። እኔ ሙሉ ቀን ነው የጠበቅሁት። በመኪናም ብትመጡ ተራራው ያው ተራራ ነው። «ነገ ሥራ አለኝ፣ ዛሬ እንብረር» የሚል ጓደኛ ካላችሁ እሱን ከመሄዳችሁ በፊት እወቁት።

ሄኖክ፦ ታኅሣሥ ላይ ከኔ ጋር ትወርጃለሽ?

መቅደስ፦ አሁን አዎ ብል ይሉኝታ ይሆናል። ዝናቡ ሲያባራ ሳንቃበር እንሂድ። ከዚያ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ገንዳው ጋ እንገናኝ፣ ያኔ እነግርሃለሁ።

ሄኖክ፦ ተስማምቻለሁ። ጫማዬን አዘጋጃለሁ።