የሁለቱ የምሽት ሰዓታት ዋጋ

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ የመጣችሁ እንግዶቻችን፤ እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን በሰላም አደረሳችሁ።

በድሬዳዋችን በከዚራም፣ በመጋላም፣ በሳቢያንም ሰፈር ካሉ የመጠጥ መደብር ባለቤቶች ጋር በተገናኘን ቁጥር የሚነሣው ጉዳይ የሠራተኛ ወጪ ነው። ብዙዎቻችን ይህን ወጪ የምናውቀው በወር መጨረሻ በምንከፍለው ደመወዝ ልክ ብቻ በመሆኑ፣ ዛሬ የማሳስበው አንድ ነገር ነው፤ ወጪውን እንቀንስ ከማለታችን በፊት በትክክል እንቁጠረው።

የድሬዳዋ ሙቀት የሥራ ቀናችንን ለሁለት ይከፍለዋል። ከጠዋቱ 2 ሰዓት የተከፈተ መደብር ቀትር ላይ በ6 ሰዓት ቢዘጋና በ10 ሰዓት እንደገና ተከፍቶ ገበያው እስከሚደራበት ምሽት 4 ሰዓት ቢቆይ፣ ሻጩ 10 ሰዓት ሠርቷል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ጊዜ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ስለወሰነው፣ የመጨረሻዎቹ ሁለት የምሽት ሰዓታት መደበኛው የሰዓት ክፍያ በአንድ ተኩል ተባዝቶ የሚከፈልባቸው ትርፍ ሰዓት ናቸው። ለምሳሌ ደመወዙ 6,000 ብር የሆነ ሻጭ በሳምንት ስድስት ቀን እንዲህ ቢሠራ፣ የትርፍ ሰዓቱ ክፍያ በወር 2,250 ብር ይደርሳል፤ ከአሠሪው የሚጠበቀው 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ፣ ማለትም 660 ብር፣ ሲታከል ወጪው 8,910 ብር ይሆናል። ይህን ሁሉ 6,000 ብር ብለን ከመዘገብን ልዩነቱን ሻጩ በጉልበቱ እየከፈለልን ነው፤ እኔም ለዓመታት እንዲህ ስሠራ ቆይቻለሁና ይህን የምናገረው በጸጸት ነው።

ሕጉ ትርፍ ሰዓትን የፈቀደው አደጋን ለመሰሉ አስገዳጅና አስቸኳይ ሁኔታዎች እንጂ ለዘወትር ሥራ አይደለም። ስለዚህ ሁለቱን የምሽት ሰዓታት በመደበኛው የሰዓት ክፍያ ለሌላ ሰው ብንሰጥ በወር 1,500 ብር ደመወዝና 165 ብር የጡረታ መዋጮ ይበቃል፤ ከዋናው ሻጭ ትከሻም ድካም ይወርዳል። ትርፍ ሰዓቱ በአግባቡ ይከፈለው የነበረ ሻጭ ግን ገቢው ስለሚጎድልበት፣ ከሚተርፈው 585 ብር ላይ ለእርሱ ደመወዝ መጨመር ፍትሐዊ ይመስለኛል።

ሳጥን ሲወርድና ሲጫን ስለሚሰበረው ጠርሙስ፣ ስለሚጎድለውም ባዶ፣ አንድ ነገር ልበል። ከደመወዝ ለመቁረጥ በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም በሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት መመሥረት ያስፈልጋል፤ ያም ሆኖ ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ ሊበልጥ አይችልም። በየወሩ የሚቆረጥበት ሻጭ ደግሞ ሳይሰናበት ይጠፋል፤ የዱቤ ደንበኞቹን መልክና የባዶ ጠርሙሱን ሒሳብ የሚያውቅ ሰው እስኪተካ የምናጣው ገበያ በየትኛውም መዝገባችን የለም።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ የዘመድ ልጅ ነው። ከገጠር መጥቶ «ቤተሰብ ነው» እየተባለ እስከ ሌሊት የሚያገለግል ልጅ ደመወዝ ስለማይጻፍለት፣ መደብሩ ያላተረፈው ትርፍ ያተረፈ ይመስለናል። ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች ከሆነ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላም ሆነ በትርፍ ሰዓት ማሠራት የተከለከለ ነው።

በዚህ መነሻ የሥራ አመራር ኮሚቴው እያንዳንዱ መደብር ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ የመግቢያና የመውጫ ሰዓት መዝገብ እንዲይዝ ያዘጋጀውን ረቂቅ ከሰዓት በኋላ ያቀርብላችኋል። በነጻነት እንድትወያዩበት በአክብሮት እየጠየቅሁ፣ ጉባኤው መከፈቱን አበሥራለሁ።