የከሸፈ ጠመንጃ ባዶ አይደለም
(የአደን ወቅት ከመከፈቱ በፊት፣ ቨርጂኒያ ለሚኖሩ የጥንታዊ ጠመንጃ ወዳጆች የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ እንኳን በሰላም ተገናኘን።

ኮሚቴው የጠራኝ ስለ ዘንድሮው የአደን ደንብ እንድናገር ነው። ደንቡ ታትሞ በእጃችሁ ስላለ አንብቡት። እኔ የመጣሁት ስለ ካፕሱል ልናገር ነው፤ ከትንሽ ጣት ጥፍር ስለምታንስ፣ በሆዷ ፈንጂ ስለያዘች፣ መዶሻው ሲመታት ባሩዱን ስለምታቀጣጥል የመዳብ ቆብ።

አብዛኞቻችንን ወደ አሮጌ ጠመንጃ የሳበን የመቅደላ ታሪክ ነው። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. እሮጌ ላይ የአጤ ቴዎድሮስ ጦር በአፈሙዝ የሚጎርስ ጠመንጃ ይዞ ከኋላው የሚጎርስ ስናድር ጠመንጃ ከታጠቀው የእንግሊዝ ጦር ጋር ገጠመ። ስናድርም ቢሆን ከኋላው ተቆርጦ የተለወጠ ባለ ካፕሱል የኤንፊልድ ጠመንጃ ነበር። የትኛው ይሻላል የሚለውን ክርክር ዛሬ አልከፍተውም፤ ከከፈትሁት ምሳ አንበላም።

«ካፕሱል አይታመንም» የምትሉ አላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1834 እንግሊዞች ለንደን አጠገብ ዉልዊች ላይ ስድስት ባለ ባልጩት (በድንጋይ ብልጭታ የሚተኩስ) እና ስድስት ባለ ካፕሱል ጠመንጃዎችን ፈተኑ፤ ከየወገኑ 6,000 ጊዜ ተተኮሰ። ባለ ባልጩቱ 922 ጊዜ ከሸፈ፤ ባለ ካፕሱሉ 36 ጊዜ ብቻ። እንግዲህ ጠመንጃችሁ በሦስት ተኩስ አንዴ እየከሸፈ ካፕሱሉን የምትሰድቡ ሰዎች፣ ጥፋቱ የማን ነው? ዘይት አጠጥታችሁ ግድግዳ ላይ ሰቀላችሁት። ዘይቱ ካፕሱሉ በሚቀመጥባት ጡት ቀዳዳ ውስጥ ተኛ። ሳትጠርጉት ባሩድ አፈሰሳችሁበት። ከማጉረሳችሁ በፊት፣ ጠመንጃው ባዶ መሆኑን በዘንጉ አረጋግጡና አፈሙዙን ወደ ሣር ዝቅ አድርጋችሁ አንድ ካፕሱል ብቻ ምቱበት። ሣሩ ከተወዛወዘ መንገዱ ክፍት ነው፤ ካልተወዛወዘ ባሩዱ በኪሳችሁ ይቆይ።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁም ከሸፈ እንበል። የመጣሁበት ጉዳይ ይህ ነው።

የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ትልቅ ውጊያ የተደረገበትን ጌቲስበርግን ብዙዎቻችሁ ሄዳችሁ አይታችሁታል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1863 ውጊያው ካበቃ በኋላ ከሜዳው ከተለቀሙት ጠመንጃዎች መካከል 24,000 ያህሉ እንደጎረሱ ነበሩ። ከእነዚህም ግማሽ ያህሉ ሁለት ጉርሻ ይዘዋል፤ ከሦስት እስከ ዐሥር ጉርሻ የያዙም ብዙ ነበሩ። አንደኛው ውስጥ 23 ጉርሻ ተደራርቦ ተገኘ። እስቲ ያንን ወታደር አስቡት። ጭሱ ዓይኑን ጋርዶታል፤ በግራ በቀኙ በሺህ የሚቆጠር ጠመንጃ ይጮኻል። ምላጩን ይስባል። ካፕሱሉን ማስቀመጥ ረስቷል፣ ወይም ካፕሱሉ ከሽፏል። የራሱ ጠመንጃ ይጩህ አይጩህ አያውቅም፤ ሰደፉ ትከሻውን እንዳልመታው እንኳ ልብ አላለም። ሌላ ባሩድ፣ ሌላ አረር ይጨምርበታል። ዘንጉ እያጠረ መግባቱንም አላስተዋለም። ከዚያ በኋላ ካፕሱሉ ቢሠራ የሚፈነዳው አፈሙዙ ብቻ አይደለም።

ያ ሰው ይቅር ይባላል፤ እየተተኮሰበት ነበር። እናንተስ? ማን ተኮሰባችሁ? አጋዘኑ?

ባለፈው ዓመት የተኩስ ሜዳችን ላይ የሆነውን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። የአንድ ወንድማችን ጠመንጃ ከሸፈበት። ስሙን አልጠራም፤ ዛሬም እዚሁ ተቀምጧል። መዶሻው «ጠቅ» ባለ በሦስት ሰከንድ ውስጥ ሰደፉን መሬት አስደግፎ በአፈሙዙ አጎንብሶ ማየት ጀመረ! ምን ሊያይ? ባሩድ ርጥበት ከነካው እሳቱ ውስጥ ለውስጥ ቆይቶ ሊቀጣጠል እንደሚችል ከማንም በላይ የሚያውቅ ሰው ነው። ጮኽሁበት። ማታ ደግሞ ስልክ እየደወላችሁ «ጋሼ፣ ሰው ፊት አሳፈሩት» አላችሁኝ። አዎ፣ አሳፍሬዋለሁ። ዘንድሮም አሳፍራለሁ፤ በዕድሜ የሚበልጠኝ ቢሆንም፣ የኮሚቴው ሊቀ መንበር ቢሆንም እጮኻለሁ። በለቅሶ ቤት ቀስ ብዬ ከምናገር በተኩስ ሜዳ ብጮኽ እመርጣለሁ።

ጠመንጃ ሲከሽፍ አፈሙዙ ከዒላማው አይነሣም። ቢያንስ አንድ ሙሉ ደቂቃ ትጠብቃላችሁ። ከዚያ አዲስ ካፕሱል ታስቀምጡና ትሞክራላችሁ። ዳግም ከከሸፈ ዳግም ትጠብቃላችሁ። ቀጥሎ የጡቷን ቀዳዳ በቀጭን ሽቦ ማጽዳት ነው። ይህን የሚያክል ትዕግሥት የሌለው ሰው ዓሣ ያጥምድ።

ስለ መኪናም አንድ ነገር አለኝ። በብዙ ክፍለ ግዛቶች የአደን ሕግ ካፕሱሉ የተነሣለት ጠመንጃ እንዳልጎረሰ ይቆጠራል። ይህንን እየጠቀሳችሁ ባሩድና አረር የያዘ ጠመንጃ ልጆች ከተቀመጡበት ወንበር ሥር ታስገባላችሁ። ሕጉ ከቅጣት ያድናችኋል እንጂ ባሩዱን ከበርሜሉ አያወጣውም። ወደ ቤት ከመነሣታችሁ በፊት ተኩሳችሁ ባዶ አድርጉት።

የቀረውን በአጭሩ ልጨርስ፤ ምግቡም እየቀዘቀዘ ነው። የሰፋ ካፕሱል በጣት ጨምቆ ማጥበብ ይቅር፤ የጡቷን መጠን ለክታችሁ ዐሥር ቁጥር ወይም ዐሥራ አንድ ቁጥር ግዙ። በተለይ በተሽከርካሪ ሽጉጥ ላይ የላላ ካፕሱል ወልቆ ይወድቃል፤ እሳቱ ወደ ጎረቤት ጉርሻም ሊዘል ይችላል። ካፕሱል በኪስ ውስጥ ከሳንቲም ጋር አይያዝም፤ ከመጣበት ቆርቆሮ አይውጣ። መነጽር ሳታደርጉ አትተኩሱ፤ መዳቡ ሲሰነጠቅ ስብርባሪው ወደ ዓይን ነው የሚመጣው።

ከምሳ በኋላ በመስኮቱ በኩል ባለው ጠረጴዛ እቀመጣለሁ። ሽቦም፣ መፍቻም፣ ጥቂት አዳዲስ ጡቶችም ይዣለሁ። ጠመንጃችሁን ባዶ መሆኑን አረጋግጣችሁ አምጡልኝ፤ ቀዳዳዋ ተበልታ የሰፋችውን ጡት እዚያው እንቀይራለን። አመሰግናለሁ።