በነጠላ የቀረው የትኛው ፎቶ ነው?

የተከበራችሁ የባህር ዳር የኮምፒውተር ባለሙያዎች፣ የፎቶ ቤትና የቪዲዮ ቤት ባለቤቶች፣ ከየመሥሪያ ቤቱ የመጣችሁ የአይሲቲ ሠራተኞች፣ ተማሪዎች፤ እንደምን አደራችሁ። በቅዳሜ ጠዋት የጣናን ዳር ትታችሁ አዳራሽ ውስጥ ስለተቀመጣችሁልኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ቃል ነው። ቃሉ ‹ዲግሬድድ› ነው። ራይድ፣ ማለትም ብዙ ዲስኮችን አጣምሮ እንደ አንድ የማሠራት ዘዴ፣ የሠራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ከዲስኮቹ አንዱ ሲሞት ማሽኑ የሚጽፈው ቃል ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ማሽኑ ይህን ቃል የሚናገረው ለማን ነው? ሲናገርስ የሚያውቀውን ሁሉ ይናገራል ወይ? ወደዚህ ጥያቄ ያመጣኝን ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚሁ ከተማችን ላለ አንድ ፎቶ ቤት ሰርቨር ሠራሁ። ባለቤቱን ጋሼ እያልኩ ነው የምጠራቸው። ዛሬም እንዲሁ ልጥራቸው። ሁለት ባለ 4 ቴራባይት ዲስክ ገዛን። ሁለቱም ከአንድ ሱቅ፣ በአንድ ቀን። ፋይል ሲስተሙን፣ ማለትም ፋይሎች ዲስክ ላይ የሚቀመጡበትን ሥርዓት፣ ቢትርኤፍኤስ የሚባለውን የሊኑክስ ሥርዓት አደረግኩት፣ በራይድ 1። እያንዳንዱ ፎቶ በሁለቱም ዲስክ ላይ ይቀመጣል ማለት ነው። ጋሼን «አንዱ ቢሞት ሌላው አለ» አልኳቸው። አመኑኝ።

ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ አንዱ ዲስክ ሞተ። ምትኩ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ አምስት ሳምንት ፈጀ። ጥርን ደግሞ ታውቁታላችሁ። ከጥምቀት ማግስት ጀምሮ ሠርግ በሠርግ ነው። ጋሼ በዚያ ወር ሥራ ሊያቆሙ አይችሉም። ስለዚህ ማሽኑን በቀረው አንድ ዲስክ፣ ‹ዲግሬድድ› በሚለው አማራጭ አስነሣሁት። ሠራ። ፎቶው ይገባል፣ ይወጣል፣ ይታተማል። ልዩነቱን ማንም አላየም። የካቲት ላይ አዲሱ ዲስክ መጣ። ተካሁት። መተካቱ ያለ አንድ ስህተት አለቀ። «ሙሉ ሆኗል ጋሼ፣ አይስጉ» አልኳቸው።

ሐምሌ ላይ ሁለተኛው አሮጌ ዲስክ ሞተ። እውነቱን ለመናገር አልደነገጥኩም። ማሽኑን ለማንበብ ብቻ አስነሣሁና ፎልደሮቹን ከፈትኩ። ስሞቹ በሙሉ አሉ። የኅዳር ፎቶ ተከፈተ። የግንቦት ተከፈተ። ከጥርም ጥቂቶቹ ተከፈቱ። የቀሩት የጥር ፎቶዎች ግን ስማቸው አለ፣ መጠናቸው አለ፣ ሲጫኗቸው ስህተት ነው የሚመጣው።

ነሐሴ ላይ አንዲት ሙሽራ መጣች። አያቷ ሲመርቋት የተነሡትን ፎቶ ትልቅ አድርጋ ልታሳጥብ ነው። አያቷ ሰኔ ላይ አርፈዋል። ፎቶው አልበሙ ውስጥ አልገባም ነበር። የካሜራው ሜሞሪ ካርድ ለቀጣዩ ሠርግ ተጠርጓል። መጠባበቂያው ኤክስተርናል ዲስክ ላይ ከታኅሣሥ ወዲህ ምንም አልተገለበጠም፤ ምክንያቱም ሁላችንም ሰርቨሩ ሁለት ቅጂ አለው ብለን ተማምነን ነበር። ልጅቷ ምንም አልተናገረችም። ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች።

ጋሼ አልተቆጡኝም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፤ «ልጄ፣ የጥር ብቻ ለምን?»

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ይህ በጣም ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መልሱን ለማግኘት ሁለት ቀን ወሰደብኝ። ቢትርኤፍኤስ ዲስክን እንደ አንድ ወጥ ነገር አያየውም። ቦታውን ክፍል በክፍል እየቆረሰ ነው የሚጠቀምበት። የፋይል ይዘት የሚገባበት አንድ ክፍል አብዛኛውን ጊዜ 1 ጊጋባይት ነው። አንድ ክፍል በሁለት ቅጂ ይሁን ወይስ በአንድ የሚለው ለእያንዳንዱ ክፍል ለየብቻ ይመዘገባል። ዲስኩ አንድ ብቻ ሲቀር፣ አዲስ ክፍል በሁለት ቅጂ መቁረስ አይቻልም። ሁለተኛው ቅጂ የት ሊቀመጥ? ስለዚህ አዲሶቹን ክፍሎች በነጠላ ይቆርሳል። የጥር ሠርጎች የገቡት እነዚህ ነጠላ ክፍሎች ውስጥ ነው። የተከፈቱልን ጥቂቶቹ፣ ቀድሞ በተቆረሱ የራይድ 1 ክፍሎች ውስጥ በተረፈ ቦታ ላይ ያረፉ ናቸው።

አዲሱ ዲስክ ሲተካ ምን ሆነ? ማሽኑ የራይድ 1 ክፍሎችን ሁለተኛ ቅጂ አሟላ። ነጠላ ሆነው የተፈጠሩትን ግን አልነካቸውም። ለእሱ ነጠላ እንዲሆኑ የተፈለጉ ናቸው። እነሱን ወደ ሁለት ቅጂ ለመመለስ ‹ባላንስ› የሚባለውን ሥራ ከመቀየሪያው ትእዛዝ ጋር ማስኬድ ነበረብኝ። አላስኬድኩም። ጥፋቱ የእኔ ነው። ይህንንም ለጋሼ ነግሬያቸዋለሁ።

እንቅልፍ የነሣኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ማሽኑ ያውቅ ነበር። ከየካቲት እስከ ሐምሌ የቦታ አጠቃቀሙን ብጠይቀው ኖሮ ሁለት መስመር ያሳየኝ ነበር። አንዱ ‹ዳታ፣ ራይድ 1›፣ ሌላው ‹ዳታ፣ ሲንግል›፣ ነጠላ ማለት ነው። አምስት ወር ሙሉ መረጃው እዚያው ነበር። ላልጠየቀው ሰው ግን አይናገርም። በኋላ የወጡት የቢትርኤፍኤስ መሣሪያዎች እንዲህ ያለ ድብልቅ ሲያዩ ማስጠንቀቂያ ይጽፋሉ። ደስ የሚል እርምጃ ነው። ነገር ግን ማስጠንቀቂያውን የሚያየው ትእዛዝ የጻፈ ሰው ነው። ጋሼ ትእዛዝ አይጽፉም። ፎቶዎቹ ደግሞ የእሳቸው ናቸው።

ነገሩ ከየት እንደመጣ ብናይ ይገባናል። ራይድ የሚለውን ስም ለዓለም ያስተዋወቀው በ1988 እ.ኤ.አ. ዴቪድ ፓተርሰን፣ ጋርት ጊብሰንና ራንዲ ካትዝ ከካሊፎርኒያ በርክሌይ ያወጡት ጽሑፍ ነው። በዚያ መንገድ የተሠራው የተለመደው ራይድ ከፋይል ሲስተሙ በታች ነው የሚቀመጠው። ፋይል ምን እንደሆነ አያውቅም። የሚያየው ብሎክ፣ ማለትም የዲስክ ቁራሽ ብቻ ነው። ኤምዲ የሚባለውን የሊኑክስ ራይድ የተጠቀማችሁ ታስታውሳላችሁ። ሁለት ዲስክ ደህና ሲሆኑ ሁለት ‹ዩ› ፊደል ጎን ለጎን ያሳያል። አንዱ ሲወድቅ በእሱ ቦታ የግርጌ ሰረዝ (_) ይገባል። በቃ። በኢሜይልም ሊያሳውቅ ይችላል፣ ግን የሚያሳውቀው ያንኑ ነው። ለእሱ ጉዳት የሚለካው በዲስክ ስለሆነ ከዚያ በላይ ሊል አይችልም።

ዜድኤፍኤስና ቢትርኤፍኤስ ግን ይችላሉ። እነሱ ፋይል ሲስተምም ራይድም ናቸው። የትኛው ፋይል የትኛው ቦታ ላይ እንዳለ ያውቃሉ። ለእያንዳንዱ ቁራሽ ቼክሰም፣ ማለትም ይዘቱ እንዳልተለወጠ የሚያረጋግጥ ቁጥር አላቸው። ዜድኤፍኤስ ሊጠገን የማይችል ጉዳት ሲያገኝ፣ ዝርዝሩን ከጠየቃችሁት የተጎዱትን ፋይሎች በስም ይነግራችኋል። ይህን የሠሩትን ሰዎች አከብራለሁ። ሆኖም ያ ዝርዝር የሚመጣው ከጉዳቱ በኋላ ነው። እኔ የምፈልገው ከጉዳቱ በፊት ያለውን ዝርዝር ነው። ገና ያልጠፋውን፣ ግን አንድ እርምጃ የቀረውን።

የሊኑክስ እምብርት የሆነው ከርነል ራሱ በዚህ በኩል ተምሯል። ከስሪት 4.14 በፊት፣ ቢትርኤፍኤስ ዲስክ ጎድሎበት ለመጻፍ ሲነሣ የሚመዝነው ሁሉንም በጅምላ ነበር። ነጠላ ክፍል አንድም ካለ፣ ያ ክፍል በደህናው ዲስክ ላይ ቢሆንም እንኳ፣ ለመጻፍ አልነሣም ይል ነበር። በ2017 እ.ኤ.አ. ኅዳር በወጣው በ4.14 ግን ክፍል በክፍል መመርመር ጀመረ። ለራሱ ውሳኔ ክፍል በክፍል ያያል። ለባለቤቱ ሲናገር ለምን በጅምላ ይሆናል?

አሁን ስለ ቃላት ትንሽ ልቆይ። ለእኔ ትልቁ ነገር ያለው እዚህ ነው። እኛ ቤት ያሉት ቃላት ሁለት ናቸው፤ ‹ሠርቷል› እና ‹ተበላሽቷል›። ደንበኛው ስልክ ሲደውል ከሁለቱ አንዱን እንነግረዋለን። የጋሼ ማሽን በጥር ወር ከሁለቱም አልነበረም። ይሠራል፣ ግን መጠባበቂያ የለውም። ‹ዲግሬድድ› የሚለውን እንዳለ ብንጽፍላቸው አይገባቸውም። ‹ተበላሽቷል› ብንላቸው ውሸት ነው፣ ደግሞም ያስደነግጣል። እኔ ከብዙ ሙከራ በኋላ የመረጥኩት ‹ድርብ› እና ‹ነጠላ› የሚሉትን ነው። «ይህ ፎልደር ድርብ ነበር፤ አሁን በነጠላ ቀርቷል።» ይህን ጋሼ ያለ ማብራሪያ ተረዱት። «ታዲያ መቼ ነው ድርብ የሚሆነው?» ብለው ወዲያው ጠየቁኝ። ቃሉ ትክክል ሲሆን ቀጣዩ ጥያቄም ትክክል ይሆናል።

በተረፈም ጉድለት ሁሉ አንድ አይደለም። ቅጂው ጭራሽ የሌለ አለ። ይህን ‹የጎደለ› እንበለው። ዲስኩ ለጥቂት ሰዓት ጠፍቶ የተመለሰ፣ በመሃል የተጻፈው ያመለጠው አለ። ይህ ‹ወደኋላ የቀረ› ነው፤ ስክረብ፣ ማለትም ሁሉን አንብቦ የሚያርም ምርመራ፣ ካልተደረገለት በቢትርኤፍኤስ በራሱ ሙሉ በሙሉ አይስተካከልም። ቅጂው እያለ ቼክሰሙ የማይገጥም ደግሞ አለ። እሱ ነው በእውነት ‹የተበላሸ›። ሦስቱም የሚፈልጉት ሥራ ይለያያል። ለሦስቱም አንድ ቃል ከተጠቀምን ባለቤቱ ምን ማድረግ እንዳለበት አያውቅም።

በዳጋ እስጢፋኖስ ወይም በክብራን ገብርኤል ስላሉት የብራና መጻሕፍት አስቡ። ሁለት ቅጠል የጎደለበትን ብራና ‹ተበላሽቷል› ብሎ የሚዘጋው አዋቂ የለም። ከየት እስከ የት እንደጎደለ ይናገራል። የቀረውን ያነባል። የጎደለውንም ከሌላ ቅጂ ሊያስጽፍ ይችላል፤ ቦታውን ያውቃላ።

አንዳንድ ባልደረቦቼ «ተጠቃሚውን አታስጨንቀው» ይሉኛል። ሥጋታቸው ይገባኛል። መልእክት ሲበዛ ሰው ማንበብ ያቆማል። የቢትርኤፍኤስን የስህተት ቆጣሪዎች ውሰዱ። ለእያንዳንዱ ዲስክ አምስት ናቸው። እኛ ካልሰረዝናቸው አይጠፉም። ካቻምና በላላ ኬብል የመጣ የመጻፍ ስህተት ዛሬም ቁጥሩ እዚያው ነው። ቀን የለውም። ያንን ቁጥር በየቀኑ የሚያይ ሰው በሳምንቱ ማየት ይተዋል። አዲስ ስህተት ሲጨመርበትም አያይም። ስለዚህ መልእክት ይብዛ እያልኩ አይደለም። ከመቼ ጀምሮ፣ የትኛው ክፍል፣ ስንት ቅጂ ቀረው፣ ዛሬ ምን ላድርግ። ይህን ይዞ አንዴ ይምጣ። ሁኔታው ሲለወጥ ደግሞ ይምጣ።

አሁን የምሠራበት መንገድ ቀላል ነው። ዲስክ ሲጎድል፣ የጻፍኩት ስክሪፕት (ትንሽ ፕሮግራም) ቀኑንና ሰዓቱን ይመዘግባል። ከዚያ ሰዓት ወዲህ የተጻፉትን ፋይሎች በፎልደር ይሰበስባል። ቢትርኤፍኤስ ከቦታ አድራሻ ተነሥቶ የፋይሉን ስም የሚያወጣ መሣሪያ አለው፤ ብዙ ፋይል ሲኖር ግን ይዘገያል። በቀን መለየቱ ለእንደኛ ሥራ ይበቃል። ትንሽ ያበዛል፤ ድርብ የሆኑ ጥቂት ፎቶዎችንም ይጨምራል። ያ ችግር የለውም። ከዚያ በአማርኛ በቴሌግራም ይልካል። «ከታኅሣሥ 24 ጀምሮ የገቡት 6 ፎልደሮች በነጠላ ነው ያሉት። ሜሞሪ ካርዱን አይጥረጉ። ወደ ኤክስተርናል ይገልብጡ።» ዲስኩ ተተክቶም ነጠላ ክፍል እስካለ ድረስ ‹ሙሉ ሆነ› አይልም። እኔ በየካቲት የተናገርኩትን ቃል እሱ አይናገርም።

ይህን የማቀርበው ለራሳችን ብቻ አይደለም። እዚህ ያላችሁ ተማሪዎች ነገ ፋይል ሲስተም ላይ የምትጽፉ ናችሁ። የሊኑክስ ኮድ ክፍት ነው። መሣሪያዎቹም ክፍት ናቸው። የነጠላ ክፍሎችን ዝርዝር ከነፋይል ስማቸው በአንድ ትእዛዝ የሚያወጣ፣ ሌላ ፕሮግራም ሊያነበው በሚችል መልክ የሚሰጥ ነገር ብትሠሩ፣ ባህር ዳር ላለው ፎቶ ቤት ብቻ ሳይሆን ለብዙ አገር ሰው ይጠቅማል። የአማርኛውንም መልእክት አብረን እንጻፈው።

አንድ ነገር ልጨምር። ራይድ መጠባበቂያ ቅጂን አይተካም። ይህን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እኔም አውቀው ነበር።

ከኋላ ጠረጴዛው ላይ ያለው ማሽን የእኔ ነው። ሁለት ዲስክ አለው፣ ፎቶም ተጭኖበታል። ከሻይ በኋላ አንዱን ዲስክ እንነቅላለን፣ ጥቂት አዲስ ፎቶ እናስገባለን፣ ከዚያ መልእክቱ እስኪመጣ እንጠብቃለን። መልእክቱ የሚሄደው ወደ እኔ ስልክ አይደለም። ጋሼ እዚህ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል። የሚሄደው ወደ እሳቸው ስልክ ነው። ጮክ ብለው ያነቡልናል። የትኛው ፎቶ በነጠላ እንደቀረ፣ ምን ማድረግ እንዳለባቸውም እሳቸው ይነግሩናል። ካልገባቸው እዚሁ ቁጭ ብለን እንደገና እንጽፈዋለን።

አመሰግናለሁ።