ሊያድኑ ሄደው ለቀሩት

የተከበራችሁ የደሴ ሰዎች፤ አባቶች፣ እናቶች፣ የቅሬ (የእድር) ዳኞች፣ የቀይ መስቀል ወጣቶች፣ የእሳትና ድንገተኛ አደጋ ሠራተኞች፤ ከሁሉም በፊት ደግሞ ከፊት የተቀመጣችሁ የጎፋ ልጆች። እንኳን ደህና መጣችሁ ለማለት ቀኑ አይመችም። እንደ አገራችን ልማድ ልበላችሁ፦ እግዜር ያጽናችሁ፣ አላህ ሶብሩን ይስጣችሁ። አብሽሩ። ዛሬ የመጣነው ለቅሶ ልንደርስ ነው።

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. የሆነውን ሁላችሁም ሰምታችኋል። በደቡብ ኢትዮጵያ ጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ከንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ፣ ከከባድ ዝናብ በኋላ ተራራው ተናደ። መጀመሪያ የተቀበሩት ጥቂት ቤቶች ነበሩ። እሪታውን የሰማ ሁሉ አካፋና ዶማውን ይዞ ወጣ፤ መሣሪያ ያልነበረው በእጁ ቆፈረ፤ ቦታው ማሽን የሚገባበት አልነበረም። የቀበሌው አስተዳዳሪ ነበሩ፣ መምህራን ነበሩ፣ የጤናና የግብርና ባለሙያዎች ነበሩ፣ ከሁሉም የሚበዛው ግን እዚያው ያለ ጎረቤት ነበር። እነሱ እየቆፈሩ ሳለ ከላይ የቀረው ተራራ ወረደባቸው። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ከሞቱት አብዛኞቹ ሊያድኑ የመጡ ናቸው።

ሰሞኑን ታክሲ ውስጥም ቡና ላይም «ምነው ትንሽ ቢጠብቁ ኖሮ» ሲባል ሰምቻለሁ። በክፋት አይደለም፣ ይገባኛል። ግን ማን ነው የሚጠብቀው? ጭቃው ሥር ያለው አብሮህ ያረሰ፣ ልጅህን አቅፎ ያሳደገ ሰው ነው። እኛ ጦሳ ተራራ ሥር የምንኖር ሰዎች ይህን መጠየቅ የለብንም። ነገ ከሆጤ ወይ ከሮቢት በኩል እሪታ ቢሰማ፣ ማናችን ነን በር ዘግተን የምንቀመጠው?

መጀመሪያ የሚናደው አፈር ለላይኛው ድጋፍ ነበር። እሱ ሲሄድ የላይኛው ውሃ እንደጠጣ ተንጠልጥሎ ይቀራል፣ ከዚያም ይከተላል። ይህን ቀድሞ መንገር የሚጠበቅብን እኛ የተማርነው ነን፣ ኃላፊነቱ ያለባቸውም ናቸው። በጭንቅ ሰዓት ሮጦ በደረሰ ገበሬ ላይ ጣት አይቀሰርም።

የጎፋ ልጆች፣ ለእናንተ የምለው አጭር ነው። መርዶውን በስልክ ሰምታችሁ፣ ቀብር ሳትደርሱ፣ አንዳንዶቻችሁ ሬሳው ሳይገኝላችሁ እዚህ ተቀምጣችኋል። የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታውጆ ባንዲራው ዝቅ ብሏል፣ ተገቢ ነው። ሐዘናችሁ ግን በሦስት ቀን አያልቅም። በአርባውም በዓመቱም ብቻችሁን እንዳትቀመጡ። ቅሬያችን ቅሬያችሁ ነው፣ ድንኳኑን እኛ እንተክላለን።

እናንተ የዚህ ከተማ ደራሾችም ዛሬ ስማችሁ መነሳት አለበት። ቀይ መስቀል ለደሴ እንግዳ አይደለም። በኅዳር 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላን ከተማችንን ሲደበድብ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ሆስፒታል ሳይቀር ተመቷል። ከዚያ ወዲህ ስንቱን አይተናል! ከሰሜን ወሎ የተፈናቀለው ወገን ትምህርት ቤቶቻችንን ሞልቶ ሲያድር ቁስል ያጠባችሁ፣ እንጀራ ጋግራችሁ ያደላችሁ፣ ፍራሻችሁን ያወጣችሁ እዚህ አዳራሽ ውስጥ አላችሁ። ደመወዝ ያልነበረው ሥራ ነው፤ ማንም ተነስቶ ያመሰገናችሁም አይመስለኝም። እናመሰግናለን።

አሁን የመጣሁበትን ላስቸግራችሁ። ቅሬዎቻችን ድንኳን አላቸው፣ ድስት አላቸው፣ ቃሬዛ አላቸው። ሙት ለመቅበር የምንዘጋጀውን ያህል ሰው በሕይወት ለማውጣትም እንዘጋጅ። አካፋ፣ ዶማ፣ ገመድ፣ የእጅ ባትሪ ይገዛ። ከሁሉም በላይ አንድ ጥሩንባ ያዥ ይመደብ። ቁፋሮ ሲኖር እሱ አይቆፍርም፤ ዓይኑን ከገደሉ ሳይነቅል ይቆማል፤ አፈር ሲንቀሳቀስ ካየ ይነፋል፣ ሁሉም ወደ ጎን ይሮጣል፣ ወደ ታች አይደለም። ስንቱ በዚህ ይተርፋል! ተዳፋት ላይ ቤት ያላችሁ ደግሞ ክረምቱ ሳያልፍ ግቢያችሁን እዩ። መሬቱ ሲሰነጠቅ፣ ዛፍና ምሰሶ ሲያዘም፣ በር አልገጥም ሲል፣ የምንጭ ውሃ ድንገት ሲደፈርስ ዝም አትበሉ። ሌሊትም ቢሆን ልጆቻችሁን ይዛችሁ ውጡ፤ ለጎረቤትም ንገሩ፤ ማንም «ፈሪ» አይላችሁም።

መዝገቡ በሩ ጋ ነው። የየቅሬው ዳኛ ሳይፈርም እንዳይወጣ፤ ለጎፋ የሚላከውን ገንዘብም እዚያው ታስመዘግባላችሁ። አሁን ሸኾቻችንና ቄሶቻችን በየተራ ዱዓና ጸሎት ያደርጋሉ። የጎፋ ልጆች ቶሎ እንዳትሄዱብን፣ ንፍሮና ቡና ተዘጋጅቷል።