ጥለቱን ቆርጠው ልብሱን ጣሉት

(ምስል፦ መዳፍ የምታክል ክብ ጨርቅ። መሬቷ ሐምራዊ፣ ስዕሏ ነጭ።)

ይቺን ጨርቅ ጠጋ ብላችሁ እዩአት። መሃል ላይ ፈረሰኛ አለ። ከፈረሱ እግር ሥር ውሻ ይሮጣል። ዳር ዳሩን የወይን ሐረግ ዞሮታል። እንዲህ ዓይነት ቁርጥራጮች ከግብፅ መቃብሮች በሺዎች ወጥተዋል። ከ1,300 ዓመት በላይ ዕድሜ አላቸው።

አሁን ጠርዟን እዩ። በመቀስ የተቆረጠ ነው። ይቺ ክብ የአንድ ሰው ልብስ ትከሻ ላይ ነበረች። ልብሱ የት ሄደ? ወደዚያ እንመጣለን።

(ምስል፦ ሙሉ እጀ ጠባብ፣ ክንዶቹ ተዘርግተው)

በ3ኛው እና በ7ኛው ክፍለ ዘመን መካከል ግብፅ ውስጥ ትልቅም ትንሽም፣ ወንድም ሴትም እጀ ጠባብ ይለብስ ነበር። ጌጡ የታወቀ ቦታ አለው። ከሁለቱ ትከሻዎች ሁለት መስመሮች ወደ ታች ይወርዳሉ። ትከሻና ጉልበት አካባቢ ክብ ወይም አራት ማዕዘን ጌጥ ይገባል። እጅጌው ጫፍ ላይ ደግሞ ጥንድ መስመር። እነዚያ ረጃጅም መስመሮች በጥንቷ ሮም ማዕረግ ይናገሩ ነበር፤ ሰፊው የሴኔት አባል፣ ጠባቡ ከሱ ቀጥሎ ያለው መደብ። በምንነጋገርበት ዘመን ግን ማንም ይለብሳቸዋል።

ብዙ ሰው ጌጡን ሲያይ ጥልፍ ይመስለዋል። የእኛን ጥበብ ቀሚስ የሚያውቅ ግን ቶሎ ይገባዋል። ሸማኔ ጥለቱን የሚሠራው ከሸማው ጋር አብሮ ነው። ግብፆቹም አብዛኛውን ጊዜ እንደዚያው ነበሩ። አሠራሩ ግን ይለያል፤ እኔን በጣም የሚገርመኝም እዚህ ጋ ነው።

(ምስል፦ ድርና ማግ በቅርብ)

ድሩ ከተልባ የተፈተለ በፍታ ነው። ሸማኔው ጌጡ ቦታ ሲደርስ ነጩን ማግ ያቆማል። በምትኩ ቀለም የገባ የበግ ፀጉር ክር ያስገባል። የተልባ ክር ለቀለም እሺ አይልም፣ የበግ ፀጉር ግን ጭልጥ አድርጎ ይጠጣዋል። ክሩ ከዳር እስከ ዳር አይሄድም። የፈረሱ እግር ጋ ሲደርስ ተመልሶ ይመጣል። ከዚያ ወዲያ ያለው የሌላ ቀለም ድርሻ ነው። ቀጫጭኑ ነገር፣ የፈረሰኛው ዓይንና የልጓሙ መስመር፣ በአንዲት ነጭ ክር ማጉን እየዘለለ ይሣላል፤ በብዕር እንደ መጻፍ ያለ ነገር ነው።

ደግሞ ልብሱ የሚሠራው በጎኑ ነው። ከአንዱ እጅጌ ይጀመራል፣ በደረት በኩል ያልፋል፣ በሌላው እጅጌ ያልቃል። ለአንገት ክፍት ቦታ ይተውለታል። ተሠርቶ ሲወርድ የመስቀል ቅርጽ ያለው አንድ ወጥ ጨርቅ ነው። ትከሻው ላይ ይታጠፋል፣ ጎንና ጎኑ ይሰፋል፣ አለቀ። እንግዲህ አስቡት። ፈረሰኛው ሲሠራ በጎኑ ተጋድሞ ነው። ሸማኔው ፈረሰኛውን ቀና ብሎ ሲቆም የሚያየው ልብሱ ሰው ላይ ሲወጣ ብቻ ነው።

ሐምራዊውስ? እውነተኛው የነገሥታቱ ሐምራዊ ከባሕር ቀንድ አውጣ የሚወጣ፣ ዋጋው የማይቀመስ ቀለም ነበር። አብዛኞቹ የግብፅ ጌጦች ግን በሌላ መንገድ ነው የተቀለሙት። ክሩን መጀመሪያ በአንዱ፣ ቀጥሎ በሌላው፤ ከተክል ሥር በሚወጣ ቀይና በኢንዲጎ ሰማያዊ። ሲደራረቡ ሐምራዊ ይሆናሉ።

(ምስል፦ የአማስያ ከተማ ዛሬ፣ ቱርክ)

ይህን ፋሽን አጥብቀው የተቃወሙ ነበሩ። በ400 ዓ.ም. አካባቢ የአማስያው ጳጳስ አስቴርዮስ ስለ ሀብታሙና ስለ አልዓዛር ሲሰብኩ ነገሩን አንስተዋል። አንበሳ፣ ነብር፣ አዳኝ ያለበት ልብስ ለብሰው የሚወጡትን ቀለም ከተቀባ ግድግዳ ጋር አመሳሰሏቸው። ልጆች ከበው በጣታቸው እየጠቆሙ ይስቁባቸዋል አሉ። ምእመናን ነን የሚሉት ደግሞ ወንጌሉን ለብሰውታል፤ የቃና ዘገሊላን ሰርግ፣ አልጋውን የተሸከመውን መጻጉዕ። ምክራቸው ቀጥተኛ ነበር። መጻጉዕን ልብሳችሁ ላይ አትሣሉ፣ ታሞ የተኛውን ፈልጉት።

ክርስትና ሲስፋፋ ሬሳ ማድረቅ እየቀረ መጣ። ሰው በለበሰው ልብስ ይቀበር ጀመር። ደረቁ አሸዋም ጨርቁን ጠበቀው። በ1880ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አኽሚም በተባለች የግብፅ ከተማ፣ ከ1896 ጀምሮ ደግሞ አልቤር ጋየ የተባለ ፈረንሳዊ አንቲኖኤ በተባለች ጥንታዊ የግብፅ ከተማ መቃብሮቹን ከፈቱ።

የመቀሱ ነገር እዚህ ይመጣል። ገዢ የሚፈልገው ጌጡን ነው። ስለዚህ ጌጡ ተቆርጦ ተሸጠ፤ ነጩ ጨርቅ ተጣለ። አንዱ ልብስ ለብዙ ሙዚየሞች የተበተነበትም ጊዜ አለ። ከጨርቁ ጋር የሰውየው ቁመት ጠፋ። የተጣፈው ቦታ፣ ላብ የነካው ቦታ፣ ሁሉም ጠፋ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል።

(ምስል፦ የሕፃን እጀ ጠባብ፣ ወገቡ ጋ በቅርብ)

ሳይቆረጡ የቀሩት ጥቂት ናቸው። ከነሱ ውስጥ የልጆች አሉ። ብዙዎቹ ላይ ወገብ ጋ ዙሪያውን የተሰፋ እጥፋት ይታያል። ልብሱ ረዘም ተደርጎ ይሠራል፣ ትርፉ ይታጠፋል፣ ልጁ ሲያድግ ስፌቱ ይፈታለታል።

እዚህ የምታዩት ላይ ስፌቱ እንዳለ ነው።