የሒሳብ መምህሩ ጸሐፌ ተውኔት

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ የቴአትር ተማሪዎች፣ እንደምን አመሻችሁ።

ዛሬ የማወራላችሁ ስለ አንድ የሒሳብ መምህር ነው። ሁዋን ማዮርጋ ይባላል። በ1965 ማድሪድ ውስጥ ተወለደ፤ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠራው። ሒሳብና ፍልስፍና ተምሮ ለዓመታት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተማረ። የዶክትሬት ጥናቱን በጀርመናዊው ፈላስፋ በዋልተር ቤንያሚን ላይ ሠራ። እንዲህ ያለ ሰው ተውኔት ጻፈ ሲባል ደረቅ ነገር የሚጠብቅ አይጠፋም። ቴአትሩ ግን ልብ አንጠልጣይ ነው።

በጣም የታወቀው ሥራው መነሻ የፈተና ወረቀት ነው። አንድ ተማሪው ለጥያቄዎቹ መልስ አልጻፈም። አላጠናሁም፣ ቴኒስ ላይ ግን ጎብዣለሁ፣ ሻምፒዮን እሆናለሁ ብሎ ወረቀቱን መለሰለት። ሌላ መምህር ቢሆን ዜሮ ሰጥቶ ያልፋል። ማዮርጋን ግን አንድ ሐሳብ ያዘው፦ ተማሪ በቤት ሥራው በኩል ሕይወቱን ለመምህሩ ቢተርክለትስ? በ2006 «የመጨረሻው ረድፍ ልጅ» ለመድረክ በቃ።

ክላውዲዮ የሚባል ተማሪ የክፍል ጓደኛውን ቤት እየሰለለ ለሥነ ጽሑፍ መምህሩ ይጽፋል። መጨረሻ ላይ «ይቀጥላል» ይላል። መምህሩ ሊያስቆመው ይገባ ነበር፤ ግን ቀጣዩን ማንበብ አማረው። ጉዱ፣ እኛንም ያምረናል። የሰው ጓዳ አብረን እያጮለቅን ነው። በ2012 ፈረንሳዊው የፊልም ዳይሬክተር ፍራንሷ ኦዞን ፊልም አድርጎታል፤ እናንተ ግን ተውኔቱን አንብቡ። በትዕይንት አልተከፋፈለም። ክላውዲዮ ከመምህሩ ጋር በሚያወራበት በዚያው መድረክ የጓደኛው ቤተሰብ ሳሎኑ ውስጥ ይኖራል። መብራት ጠፍቶ ዕቃ አይቀየርም። ቤቱን በሐሳቡ የሚሠራው ተመልካቹ ነው።

በእኔ ሚዛን ግን ትልቁ ሥራው «ሂመልዌግ» ነው፤ በጀርመንኛ «የሰማይ መንገድ» ማለት ነው። በ1944 አንድ የቀይ መስቀል ልዑክ የናዚዎችን የቴሬዚየንሽታት ካምፕ ጎብኝቶ መልካም ዘገባ ጽፎ ነበር። ናዚዎቹ ካምፑን ቀባብተው፣ ሰላማዊ ከተማ አስመስለው ነው የጠበቁት። ተውኔቱ የተነሳው ከዚህ ታሪክ ነው። የካምፑ አዛዥ እንደ ቴአትር አዘጋጅ ሆኖ አይሁድ እስረኞችን ቃለ ተውኔት ያስጠናል፤ ያለማምዳል፤ አልጣመኝም፣ እንደገና ይላል። እኛም ያንኑ ትዕይንት በትንሽ በትንሹ እየተለወጠ ደጋግመን እናያለን። ግድያው መድረክ ላይ የለም። ቢሆንም ለቴአትር ሰው ተረጋግቶ መቀመጥ ይቸግራል፤ የወንጀሉ መሣሪያ የገዛ ሙያችን ነዋ!

የራሱን ተውኔት ማዘጋጀት የጀመረው ዘግይቶ ነው። በ2012 የ16ኛው መቶ ዘመን ስፔናዊት መነኩሴ አቪላዊቷን ቅድስት ቴሬሳን ከቤተ ክርስቲያን መርማሪዋ ጋር ያፋጠጠበትን ሥራ ራሱ አዘጋጀ። ሁለት ሰዎችና አንድ የገዳም ወጥ ቤት፣ በቃ። ሽልማቶቹን መዘርዘር ያስመሻል፤ በ2022 «የአስቱሪያስ ልዕልት» የሚባለውን የስፔን የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ተቀበለ፤ በዚያው ዓመት የማድሪዱን የላ አባዲያ ቴአትር የጥበብ አመራር ያዘ።

አንድ ነገር ልጨምር። በ2019 የስፔን የቋንቋ አካዳሚ አባል ሲሆን ንግግር ማድረግ ነበረበት። ርዕሱን «ዝምታ» አለው። ሦስት ዓመት ቆይቶ ንግግሩን መድረክ ላይ አወጣው፤ ተዋናይት ብላንካ ፖርቲዮ የአካዳሚ አባል ልብስ ለብሳ ተጫወተችው። የእኔ ንግግር እንኳ ለዚያ አይበቃም። ስለዚህ መድረኩን ለተማሪዎቻችን ልልቀቅ፤ የክላውዲዮን የመጀመሪያ ጽሑፍ ያነቡልናል። ስልካችሁን አጥፉልኝ፤ አመሰግናለሁ።