ያው ሰው ነው፤ ከሪፒትድ ሜዠርስ አኖቫ በኋላ ምን እናድርግ?

ውድ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች፣ የተከበራችሁ መምህራን፣ እንደምን ዋላችሁ።

ዛሬ የማነሣው ብዙዎቻችሁ መመረቂያ ጽሑፋችሁ ላይ የምትደርሱበትን አንድ ቦታ ነው። ያንኑ ሰው ደጋግመን ስንለካ አማካዮቹን የምናወዳድርበት ሪፒትድ ሜዠርስ አኖቫ ተሠርቷል። ፒ ቫልዩው፣ ማለትም እውነተኛ ልዩነት ባይኖር ይህን ያህል ወይም የበለጠ ልዩነት በአጋጣሚ የማየት ዕድሉ፣ ከ0.05 በታች ወጥቷል። ደስ ብሏችኋል። አማካሪያችሁ ግን "እሺ፣ ልዩነቱ የቱ ጋ ነው?" ይሏችኋል።

ምሳሌ እንያዝ። የደም ግፊት ታካሚዎችን 4 ጊዜ ለካችሁ እንበል፤ መድኃኒት ሳይጀምሩ፣ ከ1 ወር፣ ከ3 ወርና ከ6 ወር በኋላ። አኖቫው የሚነግራችሁ አራቱ አማካዮች እኩል እንዳልሆኑ ብቻ ነው። የትኛው ከየትኛው እንደተለየ አይናገርም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ቡድኖችን ጥንድ ጥንድ አድርጎ ወደሚያወዳድረው ወደ ቱኪ ይሮጣል። ቱኪ ጥሩ ዘዴ ነው፤ ግን የተሠራው የተለያዩ ሰዎች ላሉባቸው ቡድኖች ነው። እኛ የለካነው ያንኑ ሰው ነው። መጀመሪያ ቀን ግፊቱ ከሌሎች ከፍ ያለ ሰው፣ በ3ኛው ወርም ከፍ ማለቱ አይቀርም። ልኬቶቹ ይዛመዳሉ። የስታቲስቲክስ ፕሮግራሙ ኤስፒኤስኤስ ላይ የፖስት ሆክን (ከአኖቫ በኋላ የሚደረግ ንጽጽርን) መስኮት ስትከፍቱ፣ "ጊዜ" የሚለው ፋክተራችሁ (የምታወዳድሩበት ተለዋዋጭ) የለም። ፕሮግራሙ ተበላሽቶ አይደለም። ያ መስኮት የቡድኖች ማወዳደሪያ ነው።

ይህን የምለው ስለደረሰብኝ ነው። ተማሪ ሳለሁ ያንን ፋክተር ስፈልግ አደርኩ። ሲያቅተኝ ልኬቶቹን እንደ አራት የተለያዩ ቡድኖች አስገብቼ ቱኪን ሠራሁ። ፈታኙ መምህር አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፦ "ስንት ሰው ነው የለካኸው?" 30 ነበሩ። ሠንጠረዤ 120 ይል ነበር። አንዱን ሰው አራት አድርጌዋለሁ። በሰውና በሰው መካከል ያለው ልዩነትም እንደ ስሕተት ተቆጥሮ እውነተኛውን ለውጥ ሸፍኖታል።

ታዲያ ምን እናድርግ? ጥንድ ጥንዱን፣ የአንድን ሰው ሁለት ልኬቶች በሚያነጻጽረው በፔርድ ቲ ቴስት እናወዳድር። እያንዳንዱ ጥንድ የራሱን ስሕተት ይዞ ስለሚሰላ፣ ስፈሪሲቲ (በየጥንዱ ያለው የልዩነቶች ስርጭት እኩል ነው የሚለው ቅድመ ሁኔታ) ባይሟላም ብዙ አንቸገርም። አራት ጊዜ ሲለካ 6 ጥንዶች ይኖራሉ። ሁሉንም በ0.05 ከፈተንን፣ የሌለ ልዩነት "አገኘን" የማለት ዕድላችን ይጨምራል። ፈተናዎቹ የማይዛመዱ ቢሆኑ ወደ 26 በመቶ ይደርስ ነበር። ኤስፒኤስኤስ አማካዮችን ሲያወዳድር ካልነካችሁት የሚሰጣችሁ ኤልኤስዲ የተባለው ዘዴ ደግሞ ለፈተናዎቹ ብዛት ምንም እርማት የለውም። እባካችሁ ይህን ልብ በሉ።

የቦንፈሮኒ እርማት 0.05ን ለፈተናዎቹ ብዛት፣ ለ6 ያካፍላል፤ ወሰኑ 0.0083 ይሆናል። እኔ ግን በ1979 የወጣውን የሆልም ዘዴ እመርጣለሁ። ፒ ቫልዩዎቹን ከትንሹ ጀምሮ ይደረድራል። የመጀመሪያውን 0.05 ለ6፣ ቀጣዩን ለ5፣ ከዚያ ለ4 እያካፈለ ይፈትናል፤ አንዱ ሲወድቅ ይቆማል። 0.001፣ 0.004፣ 0.012፣ 0.015፣ 0.03 እና 0.2 አገኛችሁ እንበል። በቦንፈሮኒ ሁለቱ ብቻ ያልፋሉ። በሆልም አራቱ ያልፋሉ። የሌለ ልዩነት "አገኘን" ከማለት የሚሰጡት ጥበቃ ግን ያው ነው።

ከዘዴው በፊት ግን ጥያቄያችሁ ይቅደም። ማወቅ የፈለጋችሁት ከመነሻው ምን ያህል እንደቀነሰ ከሆነ፣ 6 ሳይሆን 3 ንጽጽር ይበቃችኋል፤ የቦንፈሮኒ ወሰኑም 0.0167 ይሆናል። ግፊቱ ከወር ወር እየወረደ መሄዱን ከሆነ ደግሞ አንድ የአዝማሚያ ፈተና በቂ ነው። እነዚህ አስቀድመው የታቀዱ ከሆኑ የአኖቫውን ውጤት መጠበቅም የለባቸውም። ዳታውን አይቶ፣ ያማረውን ጥንድ መርጦ "አቅጄው ነበር" ማለት ግን አይሆንም። ታካሚዎቹ ክንዳቸውን አምነው ሰጥተውናል።

ፕሮፖዛላችሁ ገና ያልጸደቀ ካላችሁ፣ ዛሬ ማታ የትንተናውን ክፍል ክፈቱ። የትኞቹን ጥንዶች፣ በየትኛው እርማት እንደምታወዳድሩ ጻፉበት። ዳታ ይዛችሁ የመጣችሁ ደግሞ ላፕቶፓችሁን አውጡ፤ አሁኑኑ አብረን እንየው።